በአሮጌ ቆርቆሮና በባሕር ዛፍ የሚሠራ የጓሮ ዕቃ ቤት

ዕቃ በርካሽ የሚገዛበት ወራትና በደኅና ዋጋ የሚሸጥበት ወራት አንድ እንዳይደለ ማናቸውም ነጋዴ ያውቀዋል። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ዕቃው ሳይረጥብ፥ ሳይነቅዝና ሳይሰረቅ የሚቆይበት ቦታ ያለው ሰው የትርፉ ጌታ ነው። ይህ ቦታ የሌለው ግን ርካሹን ዋጋ ዐይኑ እያየ ያሳልፈዋል፤ አለዚያም ገዝቶ ለዝናብ ይገብረዋል። መጋዘን መከራየት ብዙ ጭነት በአንድ ጊዜ ለሚያስገባ አስመጪ የሚቻል ነገር ነው። አንድ በር ሱቅ ብቻ ላለው ሰው ግን የመጋዘኑ ኪራይ ከዕቃው ይገኛል ተብሎ የታሰበውን ትርፍ ይዞበት ይሄዳል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ ከተማ ስኳር፥ ጨው፥ ሳሙናና ብስኩት የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ ይወሰድ። ሱቁ ጠባብ ነው። ካርቶኑ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ስለ ተደረደረ ገዢ ቆሞ የሚመርጥበት ቦታ ጠፍቷል። ስለዚህ ትርፉን ዕቃ ከበጋው ጀምሮ በግቢው ውስጥ በሸራ ሸፍኖ ያስቀምጣል። ሰኔ ሲገባ ሸራው ውሃ ያቁራል፤ የቆረውም ውሃ በስፌቱ በኩል ወደ ውስጥ ይወርዳል። ጨው ከሥሩ ይቀልጣል፥ ስኳር እንደ ደንጊያ ይጠጥራል፥ የሳሙናውም ካርቶን ሲያነሡት ታቹ ይቀራል። አንድ ክረምት እንዲህ ያለፈበት ሰው ከጓሮው ጥግ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ዕቃ ቤት ለመሥራት ማሰቡ አይቀርም። ነገር ግን ለአዲስ ቆርቆሮ፥ ለአዲስ ጣውላና ለሲሚንቶ የሚወጣው ገንዘብ በዕቃ ላይ ሊውል የሚገባው ያው ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ባለሱቁ አሮጌውን ዕቃ ለመፈለግ ወደ መርካቶ ያመራል።

ቆርቆሮ ከመጀመሪያውም ለነጋዴ ዕቃ መጠለያ የተፈጠረ ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ብረትን እንደ ማዕበል አጥፎ ለጣሪያ የማዋልን ዘዴ በ1829 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የሎንዶን ወደብ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። አዲሱንም ጣሪያ መጀመሪያ የለበሰው እዚያው ወደብ ላይ የነበረ የዕቃ መጠለያ ነው። ከ8 ዓመት በኋላ ስታኒስላስ ሶሬል የተባለው ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ከዝገት የሚጠብቅበትን ዘዴ ስላወጣ ቆርቆሮ በመርከብ ተጭኖ ዓለምን ለመዞር በቃ። ወደ አዲስ አበባ በብዛት ለመግባቱ ዋናው ምክንያት የምድር ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለበቅሎና ለግመል የሚከብደው ጭነት በቀላሉ መግባት ስለ ጀመረ፥ የሣር ክዳን የነበረው ከተማ ቀስ በቀስ ቆርቆሮ ለበሰ። የቆርቆሮው ባልንጀራ የሆነው ባሕር ዛፍም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ዋና ከተማ በእንጨት እጥረት ምክንያት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ የነበረው ቀርቶ በስፍራዋ የጸናችው በዚህ ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምናለሽ ተራ

የመርካቶ ገበያ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ከአራዳ ገበያ ተለይቶ በአዲስ ከተማ የተመሠረተ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ራሱን የቻለ ተራ ሲኖረው፥ ተጥሎ ለተነሣው ዕቃ የተለየው ምናለሽ ተራ ይባላል። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። ወደዚያ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የመዶሻውን ድምፅ ነው። በርሜል ይዘረጋል፥ ላሜራ ይቀጠቀጣል፥ የተጣመመ ፌሮ በደንጊያ ላይ ይቃናል። ከመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ፥ ከበርሜል ክዳን የከሰል ምድጃ ይወጣል።

የዚህ ተራ ዕቃ ምንጭ በየሰፈሩ ጆንያውን ተሸክሞ የሚዞረው ቆራሌው ነው። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ እንደ ሆነ ይነገራል። ቆራሌው ከቤት እመቤቷ ባዶ ጣሳ፥ የተሰበረ ወንበርና የበሰበሰ አሸንዳ ይገዛል፤ ለይቶ ለሚያከማቸው ሰው ይሸጣል፤ ያከማቸውም ለአንጥረኛው ያስተላልፋል። ሰንሰለቱ ረጅም ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ጥቂት ትርፍ ይጨመራል። ስለዚህ ዕቃ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው አንዳንዱን ነገር ከምንጩ ቢገዛ ይጠቀማል። ለምሳሌ ፎቅ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለመወጣጫና ለድጋፍ የዋለው ባሕር ዛፍና የካሳፎርማው ጣውላ ከሥራው ቦታ መነሣቱ የግድ ነው። ሥራ ተቋራጩም የማመላለሻውን ወጪ እያሰበ በዚያው ለመሸጥ ፈቃደኛ ሆኖ ይገኛል።

አሮጌ ቆርቆሮ ስለ መግዛት

በቆርቆሮው ክምር አጠገብ የሚደረገው ንግግር ከዘመን ዘመን እምብዛም አይለወጥም።

«ጋሼ፥ ይኸ እኮ የድሮ ቆርቆሮ ነው። እንደ ዛሬው ስስ አይደለም» ይላል ሻጩ።

«እስቲ ልጄ፥ ወደ ፀሐይ አንሣውና ልየው» ይላል ገዢው።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ሲለካ ቁጥሩ በበዛ መጠን ብረቱ እየሳሳ የሚሄድ በመሆኑ፥ ባለ 28 ጌጅ የሆነው አሮጌ ቆርቆሮ ባለ 35 ጌጅ ከሆነው አዲስ ቆርቆሮ በሚታይ ልዩነት ይወፍራል። ነገር ግን ውፍረቱ ብቻ አይበቃም። ቆርቆሮው ወደ ፀሐይ ሲነሣ የሚታየው ብርሃን እንደ ሚስማር ቀዳዳ ክብ ሆኖ በመሥመር የተሰለፈ እንደ ሆነ፥ ይህ በካትራምና በጨርቅ የሚደፈን ስለ ሆነ አያስፈራም። ብርሃኑ እንደ ወንፊት ተበታትኖ ከታየ ግን ዝገቱ ብረቱን ከውስጥ ስለ በላው ቢነጻ እንኳ መግዛት አይገባም። ግራጫው ዚንክ ገና ያልለቀቀውን፥ ዚንኩ ሄዶ ቀይ ዝገት ከላይ ብቻ የያዘውን፥ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፍረውን ለይቶ ሦስት ቦታ መክመር፥ ዋጋውንም ለየክምሩ ለየብቻ መነጋገር ብልኅነት ነው። ሻጩ ሁሉን ደባልቆ በአንድ ዋጋ መሸጥ ይወዳል፤ ፍላጎቱም የሚገባ ነው፤ ገዢው ግን ይህን እሺ ማለት የለበትም።

ሒሳቡም በነጋዴ ሒሳብ ሊታሰብ ይገባል። የአሮጌው ዋጋ የአዲሱ ግማሽ ቢሆንና የቀረው ዕድሜ የአዲሱ ሲሶ ብቻ ቢሆን ገዢው ርካሽ አገኘሁ ብሎ በዓመት የሚከፍለው ከአዲሱ ይበልጣል። የአሮጌው ዋጋ የአዲሱ ሩብ ሆኖ ግማሽ ዕድሜ የቀረው ከሆነ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ብዙ ሰው ይህን ሳይመረምር «አሮጌ ርካሽ ነው» በሚለው ቃል ብቻ ይሸነፋል። በቅጠል ቀለም የተቀባውን ቆርቆሮ ደግሞ በጥርጣሬ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀለም የብዙ ኃጢአት መሸፈኛ ነውና።

ለተባለው 4 ሜትር በ3 ሜትር ዕቃ ቤት፥ ከግድግዳው ውጪ በየአቅጣጫው 30 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ቢተው፥ ጣሪያው 4.60 ሜትር በ3.60 ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ስፋቱ 85 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ቢገኝና በጎን 10 ሳንቲ ሜትር፥ በርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢደራረብ፥ በ7 ረድፍ ሁለት ሁለት ሆኖ 14 ቆርቆሮ ይበቃል። አሮጌ ሲሆን ሲቆርጡት የሚቀደድ ስለማይጠፋ 16 መግዛት ይሻላል።

ሣጥንና ፓሌት

ቀድሞ አስመጪው ዕቃውን የሚቀበለው በእንጨት ሣጥን ስለ ነበረ የሣጥኑ ሳንቃ ለብዙ ሱቅ መደርደሪያና ለብዙ ቤት በር ሆኖ አገልግሏል። በ1956 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ከተጓዘች ወዲህ የኮንቴይነር ንግድ ተስፋፍቶ የእንጨቱ ሣጥን እየቀረ መጣ። የአናጢው ኪሳራ በከፊል የተካሰው በፓሌት ነው። ፓሌት ለወለል፥ ለመደርደሪያና ለበር የሚሆን እንጨት ሲሆን፥ አስመጪዎች ብዙ ጊዜ ግቢያቸውን ስለሚያጣብብባቸው በትንሽ ዋጋ ይለቁታል።

ይሁን እንጂ ፓሌት ሁሉ አንድ አይደለም። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ጤና ደንብ ቁጥር 15 መሠረት ከአገር ወደ አገር የሚሻገር የማሸጊያ እንጨት ከተባይ መንጻቱ በማኅተም እንዲገለጽ ታዟል። ከስንዴ ዛላው ምልክት አጠገብ ከሚታተሙት ፊደላት «ኤች ቲ» የሚለው እንጨቱ እስከ መካከሉ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ መቆየቱን ያመለክታል። «ኤም ቢ» የሚለው ግን እንጨቱ ሜቲል ብሮማይድ በተባለው መርዛማ ጋዝ መታጠኑን ስለሚገልጽ፥ ስኳርና ዱቄት በሚቀመጥበት ቤት ባይገባ ይመረጣል። ማኅተሙ የሌለበት፥ ዘይት ወይም ኬሚካል የጠጣ፥ የሚሸትም ፓሌት ለማገዶም እንኳ አይሆንም፤ ጭሱ ይጎዳል። አስመጪው ፓሌቱን ሲሸጥ ይህን ምልክት ለገዢው ቢያሳይ ለራሱ መልካም ስም ያተርፍበታል።

በርሜል ሲዘረጋ

ለግድግዳ ከአሮጌ ቆርቆሮ ይልቅ የተዘረጋ በርሜል ይመረጣል። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ክዳንና ታቹ ከወለቀ በኋላ ሲዘረጋ ርዝመቱ 1.80 ሜትር፥ ስፋቱ 88 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ላሜራ ይወጣዋል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ሌባ በካራ ሊቀደው አይችልም። የፊቱ ግድግዳ ቁመት 2.60 ሜትር፥ የኋላው 2 ሜትር ቢሆን ጠቅላላው የግድግዳ ስፋት ከበሩ በቀር 30 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ድርርቡ ተቀንሶ አንዱ በርሜል 1.40 ካሬ ሜትር ቢሸፍን 22 በርሜል ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። ስለዚህ አንዳንዶች የፊቱንና የበሩን ጎን ብቻ በበርሜል አድርገው የቀረውን በጭቃ ያስመርጋሉ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ከቦካ፥ ውስጡንም ከበርሜል ይልቅ ቀዝቃዛና ደረቅ አድርጎ ይጠብቃል።

በርሜሉን በሚመለከት ግን ቸል ሊባል የማይገባው አንድ ነገር አለ። ቤንዚን የነበረበት በርሜል ባዶ ሲሆን ከሙሉው የበለጠ ያሰጋል። በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እሳት ሲያገኝ ይፈነዳልና። በብየዳ ወይም ብልጭታ በሚያወጣ መቁረጫ የሚቆርጠው ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። እጁ የለመደ አንጥረኛ በርሜሉን አጥቦ፥ ውሃ ሞልቶ አቆይቶ፥ በመሮና በመዶሻ ይከፍተዋል። ተዘርግቶ የቀረበውን መግዛት ለገዢው ከሁሉ ይሻላል። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን በርሜል ደግሞ ለምንም ሥራ መግዛት አይገባም፤ የቀለሙ ጽሕፈት ተፍቆ ከሆነ መጠየቅ፥ መልሱ ካላረካ መተው ነው።

ከአሮጌ ሕንፃ ከሚነሡት ዕቃዎች መካከል ሌላው አስጊ ነገር አዝቤስቶስ የተቀላቀለበት የሲሚንቶ ክዳን ነው። ግራጫ፥ ወፍራምና ከባድ ሲሆን፥ ዝገት ስለማይነካው ለብዙ ሰው ያምራል። በመጋዝ ሲቆረጥ ወይም ሲሰበር የሚነሣው ብናኝ ከሳምባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያስከትል መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦ ተናግሯል። ርካሽነቱ ማንንም እንዳያታልል።

ቋሚና ማገር

ከ4 ሜትር በ3 ሜትር ቤት ዙሪያ በየሜትሩ አንድ ቋሚ ቢተከል ቋሚው 14 ይሆናል፤ በሩም በሁለት ቋሚዎች መካከል ይገባል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም አፈር ውስጥ የገባው ክፍል በምስጥ መበላቱ አይቀርም። የእንጨቱን ጫፍ በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ሲሆን ጥቂት ዓመት ይጨምራል። የዘይቱ ሽታ ግን ለወራት ስለሚቆይ ለዕቃ ቤት አይስማማም። የተሻለው ዘዴ ቋሚውን ከአፈር ጨርሶ ማራቅ ነው። በጉድጓዱ ደንጊያና ጥቂት ሲሚንቶ ሞልቶ፥ ከሲሚንቶው ውስጥ የፌሮ ቁራጭ ጥንድ ጥንድ አቁሞ፥ ቋሚውን በመካከላቸው አስገብቶ በቡሎን ማሰር ነው። የፌሮ ቁራጭ በምናለሽ ተራ በኪሎ ይገኛል። በዚህ ዐይነት የቆመ ቋሚ ታቹ ይታያል፤ ምስጥም ጎጆውን ሠርቶ ቢወጣ በዐይን ስለሚታይ በመጥረጊያ ይወርዳል።

አሮጌ ሚስማር በደንጊያ ላይ ተቃንቶ ለማገርና ለግድግዳ ይውላል። ለጣሪያ ግን አዲስ ሚስማር ከነጎማው መግዛት ይገባል። በዚህ ቤት ውስጥ አዲስ መሆን ያለባቸው ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ የጣሪያው ሚስማርና የበሩ ቁልፍ ከእነዚህ ውስጥ ዋናዎቹ ናቸው።

ስለ ጣሪያው

አሮጌ ቆርቆሮ ከባለ ሁለት ፊት ጣሪያ ይልቅ በአንድ ፊት ለሚያዘቀዝቅ ጣሪያ ይስማማል፤ አናቱ ላይ መገጣጠሚያ ስለሌለው የሚያፈስበት ቦታ ያንሳል። ከ2.60 ወደ 2 ሜትር የሚወርደው ጣሪያ በ3 ሜትር ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚያዘቀዝቅ ውሃው ሳይተኛ ይሄዳል። ሥራው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው ቆርቆሮ ጫፍ በታችኛው ላይ ያርፋል። የጎኑ ድርርብ ዝናብ ከሚመጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ ሆኖ መዘጋት አለበት። ሚስማሩም በጎድጓዳው ሳይሆን በጉብታው ላይ ይመታል፤ ውሃ የሚሄደው በጎድጓዳው ነውና። ይህን የማያውቅ አናጢ አይኖርም፤ ሆኖም ጎድጓዳው ለመምታት ስለሚቀል ባለቤቱ ፊቱን ሲያዞር በጎድጓዳው የሚመታ አይጠፋም።

አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች በአዲሱ ሞራሌ ላይ በትክክል አይወድቁም። የሚገጥመው ቀዳዳ በአዲሱ ሚስማር ይያዛል፤ የማይገጥመው በካትራም በተነከረ የጨርቅ ቁራጭ ከላይ ይደፈናል። ጣሪያው ካለቀ በኋላ በእኩለ ቀን በሩን ዘግቶ በጨለማው ውስጥ መቆም ያስፈልጋል። ያልተደፈነው ሁሉ እንደ ኮከብ ስለሚያበራ አንዱ ከውስጥ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፥ አንዱ ከላይ ሆኖ ይደፍናል።

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ይህ ጣሪያ 16 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል በመሆኑ፥ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከኋላው ክፈፍ 330 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አሸንዳ የሌለው እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ውሃ የኋላውን ግድግዳ ሥር ይቆፍራል፥ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ ይገባል። ከጎረቤት ጋር በውሃ ምክንያት የሚደረግ ክርክር ከዕቃ ቤቱ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም የታጠፈ ላሜራ ጥሩ አሸንዳ ይሆናል። መጨረሻው ላይ አንድ በርሜል ቢቀመጥ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ይገኛል።

ከውስጥ የሚመጣ እርጥበት

ጣሪያው አንዳች ሳያፈስ ካርቶኑ ረጥቦ ሲገኝ ብዙ ባለቤቶች አናጢውን ይወቅሳሉ። በደሉ ግን የአናጢው ላይሆን ይችላል። በጥቅምትና በኅዳር የአዲስ አበባ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ከሁሉ በፊት ይቀዘቅዛል። በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ወደ ንጋት ላይም ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ አየር እንዲመላለስ ማድረግ ነው። ከጣሪያው ሥር በፊትና በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ትቶ አይጥ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት መዝጋት ይበቃል። ከሞራሌው በታች የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ቢወጠር ደግሞ ጠብታውን ይይዛል።

ወለሉ ከግቢው መሬት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በደንጊያና በተደቆሰ አፈር ከተሞላ በኋላ ፓሌቱ ይነጠፍበታል። ከረጢትም ሆነ ካርቶን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ሰው ዞሮ ማየት የማይችልበት ክምር የአይጥና የምስጥ ቤት ነው። ሲሚንቶ ያከማቸ ሰው ከሁሉ የበለጠ ይጠንቀቅ። ቡና ግን፥ በተለይ ለውጭ አገር የሚላከው፥ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መግባት አይገባውም። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ እንዳያልፍ የሚፈለግ ከመሆኑም በላይ ቡና የአጠገቡን ሽታ የሚስብ ፍሬ ነው። የዘይት በርሜል ከነበረ ግድግዳ አጠገብ አንድ ወር የቆየ ቡና በቀማሹ ጠረጴዛ ላይ ይጋለጣል፤ ላኪውም ጉዳቱን የሚያውቀው ዋጋው ሲወርድበት ነው።

እሳት፥ ፈቃድና የግቢው ባለቤት

በጠባብ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ዕቃ ቤት ከማዕድ ቤቱና ከጎረቤት አጥር መራቅ አለበት። ከዋናው ቤት በተጎተተ ሽቦ መብራት ማስገባት የብዙ ቃጠሎ መነሻ ስለ ሆነ፥ ከጣሪያው ቆርቆሮዎች አንዱን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መለወጥ ቀኑን ሙሉ ይበቃል። ላምባ፥ አልኮልና ክብሪት ከካርቶን ጋር በአንድ ቤት አይደሩ። ለሰው ማለፊያ ሆኖ የተተወው መንገድ ዕቃ ሲበዛ መደርደሪያ መሆን እንደሚጀምር የታወቀ ነው፤ ይህም መጥፎ ልማድ ነው።

ከሚገዛው ዕቃ ጋር ደረሰኝ ወይም ቢያንስ በሁለት ምስክር ፊት የተጻፈ ወረቀት መያዝ ይገባል። የመብራት ምሰሶ ብረት፥ የመንገድ ጉድጓድ ክዳን፥ የሐዲድ ቁራጭና የስልክ ሽቦ በአሮጌ ዕቃ ስም ሲቀርብ፥ ዋጋው እጅግ መርከሱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በሕግ ይጠየቃል፤ ነጋዴ ደግሞ ከቅጣቱ ይልቅ ስሙ ይጎዳዋል። ጊዜያዊ ቤትም ቢሆን ከመሠራቱ በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳይጠይቁ የተሠራ ቤት ሲፈርስ ዕቃው ሜዳ ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በክረምት ነው።

ግቢው የኪራይ እንደ ሆነ ቆርቆሮው፥ ቋሚውና በሩ የተከራዩ ንብረት ስለ መሆናቸው ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ መስማማት ይገባል። በዚህም ምክንያት በሚስማር ፈንታ በቡሎንና በሽቦ የታሰረ ቤት ይመረጣል። ተከራዩ በለቀቀ ጊዜ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ፈትቶ በጋሪ ይጭነዋል። የተነሣው ቆርቆሮ ቀዳዳው በዝቶ ለጣሪያ ባይሆን ለአጥር ይሆናል፤ ለአጥርም የማይሆነውን ቆራሌው ከበሩ ላይ ይወስደዋል።